ከረሃቡ ዘፈን በፊት፦ የቡምታውን ራትስ አጭር ዕድሜ

ጊዜው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የ1984 ኅዳር ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትም ካልተገለጸ በስተቀር በዚያው አቆጣጠር ናቸው። ቁመቱ የረዘመ፣ ጸጉሩ የተንጨባረረ አንድ አየርላንዳዊ ሎንዶን ወደሚገኘው የቢቢሲ ሬዲዮ 1 ስቱዲዮ ገባ። ቀጠሮ የተያዘለት ስለ ባንዱ አዲስ አልበም እንዲያወራ ነበር። አልበሙ ገበያ አልቀናውም፤ ባንዱም የሰው ጆሮ ካገኘ ሰንብቷል። ለእንዲህ ያለ ዘፋኝ በአገሪቱ ትልቁ የሙዚቃ ጣቢያ ላይ የምትገኝ እያንዳንዷ ደቂቃ እንደ እንጀራ ናት።

ሰውየው ግን አልበሙን ወደ ጎን ትቶ ስለ ኢትዮጵያ ማውራት ጀመረ። በቴሌቪዥን ስላየው ረሃብ፣ ወዳጆቹን ሰብስቦ ሊያስቀዳ ስላሰበው ዘፈን ተናገረ። ለባንዱ ተብሎ የተሰጠው ሰዓት በዚሁ አለቀ።

በእኛ አቆጣጠር በ77ቱ ድርቅ ጊዜ ነፍስ ያወቀ ኢትዮጵያዊ ቦብ ጌልዶፍ የሚለውን ስም ሳይሰማ አልቀረም። «ለእኛ ብሎ ዓለምን ያስዘፈነው ፈረንጅ» ይሉታል የዘመኑ ሰዎች። ዘፋኝ መሆኑም ይታወቃል። ምን ይዘፍን ነበር? ከማን ጋር? ተብሎ ሲጠየቅ ግን ወሬው እዚያው ይቆማል። ሰውየው በ1984 ከሰማይ የወረደ ይመስል፣ ከዚያ በፊት የነበሩት ዘጠኝ ዓመታት ተረስተዋል። እነዚያ ዓመታት ቡምታውን ራትስ የሚባሉ የስድስት ጎረምሶች ዓመታት ነበሩ።

> ለባንዱ የተሰጠችው የሬዲዮ ሰዓት ለኢትዮጵያ ዋለች።

በጠመኔ የተጻፈ ስም

ደን ሊሪ ከደብሊን በስተደቡብ የምትገኝ የወደብ ከተማ ናት። አየርላንዳውያን ሥራ ፍለጋ ወደ ብሪታንያ የሚሻገሩባቸው መርከቦች የሚነሱት ከዚህች ወደብ ነበር። በ1970ዎቹ አጋማሽ አንድ የከተማዋ ወጣት ትምህርቱን ሲጨርስ ከፊቱ የሚጠብቀው ከሁለት አንዱ ነው፤ አገሩ ተቀምጦ ሥራ መጠበቅ ወይም መርከቡ ላይ መሳፈር። በአገሪቱ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ቃል ከሕግ እኩል ይከበር ነበር። ፍቺን ሕገ መንግሥቱ ይከለክላል፤ የወሊድ መከላከያ መሸጥም በወንጀል ያስጠይቃል። ቅዳሜ ማታ የሚጨፈርባቸው አዳራሾች በአንድ ዓይነት ሱፍ በተሽቀረቀሩ፣ የሌሎችን ዘፈን እያስመሰሉ በሚጫወቱ ባንዶች የተያዙ ነበሩ።

ባንዱን የጠነሰሱት ጊታሪስቱ ጋሪ ሮበርትስና ኪቦርድ ተጫዋቹ ጆኒ ፊንገርስ ናቸው። ጄሪ ኮት በሁለተኛ ጊታር፣ ሳይመን ክሮው በድራም፣ የፊንገርስ የሥጋ ዘመድ የሆነው ፒት ብሪኬት ደግሞ በቤዝ ጊታር ተጨመሩ። የብሪኬት ስም የመድረክ ስም ነው። ከረግረግ መሬት ተቆርጦ፣ ደርቆና ተጠፍጥፎ በየአየርላንዱ ቤት ምድጃ ውስጥ የሚነድ ማገዶ አለ፤ እንግሊዝኛ መጠሪያው ከዚህ ስም ጋር አንድ ዓይነት ድምፅ ይሰጣል። አንድ ኢትዮጵያዊ ቤዝ ጊታሪስት መድረክ ላይ ራሱን «ኩበት» ብሎ ቢጠራ እንደ ማለት ነው። የአገሩ ሰው ስሙን በሰማ ቁጥር ይስቃል፣ የቤቱ ጭስም ይሸተዋል።

ጌልዶፍ የመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ የመጣውም ሊዘፍን አልነበረም። በ1951 እዚያው ደን ሊሪ ተወለደ፣ እናቱን በልጅነቱ አጣ፣ ቀሳውስት በሚያስተዳድሩት ትምህርት ቤት ተማረ፤ ከደብሊን ቄራ እስከ ካናዳዋ ቫንኩቨር ጋዜጣ ያልሞከረው ሥራ አልነበረም። በቫንኩቨር ስለ ሙዚቃ ይጽፍ ነበር። ልጆቹ የጠሩት አንደበቱን ዓይተው ሥራ አስኪያጅ እንዲሆናቸው ነው። ብዙም ሳይቆይ ማይክራፎኑ እሱ እጅ ገባ።

የመጀመሪያ ዝግጅታቸውን ያቀረቡት ጥቅምት 31 ቀን 1975 ደብሊን ውስጥ ቦልተን ስትሪት በሚገኘው የቴክኖሎጂ ኮሌጅ ነው። ምሽቱን የጀመሩት «ናይትላይፍ ተግስ»፣ የሌሊት ዱርዬዎች እንደ ማለት፣ በሚል ስም ነበር። በእረፍቱ ሰዓት ጌልዶፍ ጠመኔ አንስቶ ሰሌዳው ላይ ሌላ ስም ጻፈ። አሜሪካዊው ዘፋኝ ዉዲ ገትሪ በሕይወት ታሪኩ መጽሐፍ ውስጥ፣ ነዳጅ በመገኘቱ ድንገት ባበጠች የኦክላሆማ ከተማ ስላደጉ የልጆች ቡድን ጽፏል። የቡድኑ ስም «ቡምታውን ራትስ» ነው፤ የድንገቴ ከተማ አይጦች። በአንድ ምሽት ሁለት ስም የነበረው ባንድ ከእረፍት ሲመለስ አይጥ ሆኖ ተመለሰ።

ጫጫታው ሲገራ

በቀጣዩ ዓመት ሎንዶን ሲገቡ ከተማዋን ፓንክ እየናጣት ነበር። ፓንክ ሙዚቃ ብቻ አልነበረም። ሦስት ኮርድ የሚያውቅ ሁሉ መድረክ ላይ ወጥቶ ንዴቱን ይጮኻል፤ ጊታር አሳምሮ መጫወት እንደ ክህደት የሚታይበት ጊዜም ነበር። ኒው ዌቭ የሚባለው ከዚሁ ማኅፀን የወጣ ነው። ፍጥነቱንና ቁጣውን አልጣለም፤ ነገር ግን ኪቦርዱን፣ ሳክስፎኑን፣ የሬጌን ምት፣ የሚያዝ ዜማንና ታሪክ ያለውን ግጥም መለሰ። የሙዚቃ ኩባንያዎችም ስሙን ወደዱት፤ ፓንክ ሲባል በሩን የሚዘጋ የሬዲዮ ጣቢያ ኒው ዌቭ ሲባል ይከፍት ነበር።

አይጦቹ ለዚህ የተፈጠሩ ይመስሉ ነበር። ሙዚቃውን የተማሩት ከመጠጥ ቤት ሪትም ኤንድ ብሉዝ ስለሆነ መሣሪያ መጫወት ያውቃሉ። ንዴቱም ከቤታቸው አብሯቸው የመጣ ነው። ኤንሳይን የተባለው የሙዚቃ ኩባንያ አስፈረማቸው፤ የ1977 ነሐሴ ላይ የወጣችው የመጀመሪያ ነጠላ ዘፈናቸው በብሪታንያ ሰንጠረዥ 11ኛ ደረጃ ላይ ወጣች። ለማይታወቅ ባንድ ይህ ትልቅ አቀባበል ነው።

ጆኒ ፊንገርስ ኪቦርዱ ኋላ የሚቆመው ባለ መስመር ፒጃማ ለብሶ ነው። ሌሎቹ ፓንኮች ቆዳ ጃኬትና መርፌ ቁልፍ ሲያበዙ እሱ ከአልጋው ቀጥታ የተነሳ መስሎ ይመጣል። ዛሬ ዘፈኖቹን የረሳ እንግሊዛዊ እንኳ ፒጃማውን አይረሳም።

የፓንክ ቀናዒዎች አልወደዷቸውም። «ዝና ፈላጊዎች ናቸው» ይሏቸው ነበር። ጌልዶፍም ዝናና ገንዘብ እንደሚፈልግ ደጋግሞ በግልጽ ተናግሯል፤ ድህነትን እንደ ጌጥ የሚለብሱትን ይንቅ ነበር። ሥራ ከሌለበት አገር ለመጣ ልጅ ገንዘብ መፈለግ የሚያሳፍር ነገር አልነበረም።

የአይጥ ወጥመድ

የባንዱን ችሎታ በአንድ ዘፈን መመዘን የሚፈልግ ሰው «ራት ትራፕ»ን ያዳምጥ። ትርጉሙ የአይጥ ወጥመድ ነው። ጌልዶፍ ግጥሙን የጀመረው ቄራ ሲሠራ ነው፤ ደምና ውሃ በሚፈስበት ወለል ላይ፣ ሰዓቱ አልገፋ ባለበት ቦታ። ዘፈኑ መውጫ ስላጣ ቢሊ ስለሚባል ወጣት ይተርካል። በቀጥታ አይሄድም፤ በሳክስፎን ይከፍታል፣ ይሮጣል፣ ይቆማል፣ ያንሾካሹካል፣ እንደገና ይሮጣል። ከተማውን የሚያሳየው በመንገድ መብራት፣ በዝናብና በዝግ በር ነው። የዘመኑ ሃያስያን ከአሜሪካዊው ብሩስ ስፕሪንግስቲን ጋር ያመሳስሉት ነበር። ተጽዕኖው መኖሩ አይካድም፤ ጠረኑ ግን የደብሊን ነው።

በ1978 ኅዳር «ራት ትራፕ» በብሪታንያ አንደኛ ሆነ። አንድ የአየርላንድ ሮክ ባንድ እዚያ ቦታ ላይ ሲቀመጥ የመጀመሪያው ነበር። ከዙፋኑ ያወረደው ደግሞ «ግሪስ» በተባለው ፊልም ጆን ትራቮልታና ኦሊቪያ ኒውተን ጆን የዘፈኑትንና ለሰባት ሳምንታት ያልተነቀነቀውን ዘፈን ነው።

በዚያ ሳምንት በቴሌቪዥን የታየው ነገር እስከ ዛሬ ይወራል። «ቶፕ ኦፍ ዘ ፖፕስ» በተባለው ዝግጅት ላይ ዘፈኑ ሲጀምር አይጦቹ የትራቮልታን ፎቶ ይዘው ወጡና ካሜራው ፊት ቦጫጨቁት። የሳክስፎኑ ሰዓት ደረሰ፤ በዝግጅቱ ላይ ሙዚቃው በቴፕ ነውና የሚጫወት ሰው አያስፈልግም። ጌልዶፍ ባለ ብዙ ቅርንጫፍ የሻማ መቅረዝ አንስቶ አፉ ላይ ደገነና ጉንጩን ነፍቶ «ነፋው»። ደን ሊሪ ሆነው የሚያዩት ቤተሰቦችና ጎረቤቶች ምን እንደተሰማቸው መገመት አያዳግትም። መርከቡ ላይ የተሳፈሩት ልጆች እንግሊዞችን በገዛ ቴሌቪዥናቸው ላይ ረተዋቸዋል።

ሰኞ በአትላንታ

ጥር 29 ቀን 1979 ሰኞ ነበር። ጌልዶፍና ፊንገርስ አሜሪካ አትላንታ ውስጥ በጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሬዲዮ ጣቢያ ቃለ ምልልስ ላይ ናቸው። አጠገባቸው ያለው ቴሌክስ እየተንጣጣ ወረቀት ማውጣት ጀመረ። በካሊፎርኒያዋ ሳንዲያጎ አንዲት የ16 ዓመት ልጅ ከቤቷ መስኮት ሆና ፊት ለፊት ባለው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ላይ ተኩስ ከፍታለች። የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህርና የጽዳት ሠራተኛው ሞቱ፤ ስምንት ሕፃናትና አንድ ፖሊስ ቆሰሉ። ለምን እንዳደረገችው በስልክ ስትጠየቅ የሰጠችው መልስ ሰኞን እንደማትወድ ነበር።

ከዚያ ወረቀት የባንዱ ትልቁ ዘፈን ተወለደ፤ «አይ ዶንት ላይክ መንዴይስ»። ጊታሩ ዝም ብሎ የፊንገርስ ፒያኖ ብቻውን ይከፍታል፤ ከኋላ ቫዮሊኖች ይከተላሉ፤ ጌልዶፍ ምክንያት የሌለውን ነገር ምክንያት እየጠየቀ ይዘፍናል። በመጀመሪያ የታሰበው ለነጠላ ሸክላ ሁለተኛ ገጽ ነበር። መድረክ ላይ ሲሞክሩት የታዳሚው ስሜት ሐሳባቸውን አስቀየራቸው። በ1979 ክረምት ብሪታንያ ውስጥ ለአራት ሳምንታት አንደኛ ሆኖ ቆየ።

አሜሪካ ግን ጆሮዋን ነፈገችው። የልጅቷ ቤተሰብ ዘፈኑ እንዳይወጣ ሞከረ፤ ብዙ የሬዲዮ ጣቢያዎችም ሐዘኑ ገና እርጥብ ነው ብለው አላሰሙትም። በአሜሪካ ሰንጠረዥ 73ኛ ላይ ቆመ። ጣቢያዎቹን መውቀስ አይቻልም። ለባንዱ ግን በሩ እዚያ ላይ ተዘጋ፤ ከዚያ በኋላም አልተከፈተለትም። የአሜሪካ ገበያ ያመለጠው፣ በብሪታንያ ገበያ የሚኖር ባንድ ፋሽኑ ሲያልፍ የሚደገፍበት ምርኩዝ አይኖረውም።

በገዛ አገር መድረክ ማጣት

ቁጣቸው ከሁሉ በላይ ያነጣጠረው አየርላንድ ላይ ነበር። «ሌት ሌት ሾው» የአገሪቱ ሕዝብ ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጦ የሚያየው የቴሌቪዥን ዝግጅት ነው። ጌልዶፍ እዚያ ቀርቦ ቀሳውስቱን፣ ፖለቲከኞቹን፣ የገዛ ቤቱን አስተዳደግ ጭምር አንድ በአንድ አነሳ። በአደባባይ የማይነገር ነገር በአደባባይ ተነገረ። ብዙዎች እንደ ስድብ ወሰዱት፤ ወጣቶቹ ግን በየጓዳቸው የሚያስቡትን የሚናገርላቸው ሰው አገኙ።

ዋጋው ብዙም አልዘገየም። አገራቸው ተመልሰው ለመጫወት ሲፈልጉ የሚፈቅድላቸው ጠፋ። በ1980 መጀመሪያ ደብሊን አቅራቢያ በሚገኝ የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ሊያቀርቡት የነበረው ዝግጅት ፍርድ ቤት ደርሶ ተሰረዘ። በስንት ጣር የተጫወቱት በሌክስሊፕ ቤተ መንግሥት ግቢ ነው።

ምላሻቸው «ባናና ሪፐብሊክ» የተባለ የሬጌ ምት ያለው ዘፈን ሆነ። በ1980 መጨረሻ ብሪታንያ ውስጥ ሦስተኛ ደረጃ ድረስ ወጣ። ጠመንጃ የታጠቀውንም ልብሰ ተክህኖ የለበሰውንም በአንድ ላይ ይከሳል። ዘፈኑ አየርላንድን በስሟ አይጠራትም፤ አድማጩ ግን ማን እንደተሰደበ ያውቃል። የደብሊን የድሮ አድማጮች ከባንዱ ሥራዎች መካከል ዛሬም በቀላሉ የማይሰሙት ይህንን ነው። ጌልዶፍ ያለው ብዙው ነገር ኋላ በአገሪቱ አደባባይ ተወራ፤ ፍቺ ግን እስኪፈቀድ ድረስ የ1995ቱን ሕዝበ ውሳኔ መጠበቅ ግድ ሆኗል።

> ዘፈኑ አየርላንድን በስሟ አይጠራትም፤ አድማጩ ግን ማን እንደተሰደበ ያውቃል።

ከዚህ በኋላ ቁልቁለት ነው። በ1981 ጄሪ ኮት ባንዱን ለቀቀ። ሎንዶን ውስጥ ፋሽኑ ተቀየረ፤ ሲንተሳይዘር የያዙ፣ ጸጉራቸውን ያሰናዱ፣ ለቪዲዮ የተፈጠሩ ወጣቶች መድረኩን ያዙ። አልበሞቹ መውጣታቸውን ቀጠሉ፤ ወረፋው ግን ሌላ በር ላይ ነበር።

ፍሪጅ ላይ የተለጠፈች ወረቀት

ጥቅምት 23 ቀን 1984 (በእኛ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም.) ማታ ጌልዶፍ ሎንዶን ቤቱ ተቀምጦ ዜና ከፈተ። የቢቢሲው ማይክል በርክ ከኮረም ያቀረበው ዘገባ ነበር። ምስሉን የቀረጸው ኬንያዊው መሐመድ አሚን ነው፤ ይህ ባለሙያ በ1996 ኮሞሮስ አቅራቢያ ባሕር ላይ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ሕይወቱን አጥቷል። በኮረም ሜዳ በማለዳው ጉም ውስጥ ነጠላቸውን ተከናንበው የተቀመጡት ሰዎች በዓለም ፊት የታዩት በዚያ ምሽት ነው። ወሩ ገና ከመግባቱ በፊት ደርግ አሥረኛ ዓመቱን በአዲስ አበባ በከፍተኛ ድግስ አክብሮ ነበር፤ ስለ ረሃቡ ጮክ ብሎ መናገር ግን አልተፈለገም።

በማግስቱ የጌልዶፍ ፍቅረኛ ፓውላ ዬትስ ፍሪጁ ላይ ወረቀት ለጠፈች፤ ወደ ቤቱ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ለኢትዮጵያ ገንዘብ እንዲያዋጣ የሚጠይቅ ወረቀት። ፓውላ የቴሌቪዥን አቅራቢ ነበረች። አንድ ቀን ኒውካስል ሥራ ላይ ሳለች ጌልዶፍ ደወለላት፤ የአልትራቮክስ ባንድ ዘፋኝ ሚጅ ዩር በአጋጣሚ እዚያው ነበርና ስልኩን አቀበለችው። ነገሩ በዚያ ስልክ ተጀመረ።

ጌልዶፍ ለዩር ያሰማው ዜማ ለቡምታውን ራትስ ብሎ የጀመረው፣ ግን ያላለቀ ሥራ ነበር። ከባንዱ ማድጋ የተረፈው ነው ለዓለም የተቀዳው። ኅዳር 25 ቀን የዘመኑ ታላላቅ የብሪታንያና የአየርላንድ ዘፋኞች ሎንዶን ሳርም ዌስት ስቱዲዮ ተሰበሰቡ። ፊንገርስ፣ ብሪኬትና ክሮውም በኅብረት ድምፁ ውስጥ አሉ። ሸክላው ሲወጣ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ተሸጠ፤ በብሪታንያ እስከ 1997 የሚስተካከለው አልተገኘም።

ዘፈኑ ኢትዮጵያውያንን ያጎረሰውን ያህል አስከፍቷል። ርዕሱ የተራቡት ሰዎች ገና መድረሱን ያውቁ እንደሆነ ይጠይቃል። የተጠየቀችው አገር ክርስትናን በአራተኛው ክፍለ ዘመን የተቀበለች ናት፤ የተጠየቀው ወሎ ደግሞ ገና ሲደርስ ምእመናን በእግር ተጉዘው የሚደርሱበትን ላሊበላን የያዘ ነው። ግጥሙ ወንዝ የለባቸውም ያለው የዓባይን አገር ነው። አውሮፓና አሜሪካ ያደጉ የኢትዮጵያ ልጆች በየታኅሣሡ በገበያ አዳራሽ ይህ ዘፈን ሲከፈት አንገታቸውን የደፉበትን ጊዜ ይናገራሉ። በዚያ ዘመን መጠለያ የነበሩት ደግሞ ስንዴው መድረሱን ያስታውሳሉ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። በችኮላና በቅንነት የተጻፈ ግጥም እህል አደረሰ፤ ያንኑ ያህል ደግሞ የአንዲትን አገር መልክ ለአርባ ዓመት በአንድ የረሃብ ምስል ውስጥ ቆለፈ።

ሦስት ዘፈን በዌምብሊ

ሐምሌ 13 ቀን 1985፣ በእኛ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ ዝናብ ላይ ስትሆን ሎንዶን ፀሐይ ነበረች። ከ70 ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ የዌምብሊን ስታዲየም ሞልቷል። ለረሃቡ የተዘጋጀውን የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ያሰናዳው ሰው ባንዱን በዝርዝሩ ሦስተኛ ላይ አስገብቷል፤ በዚያን ጊዜ ደረጃቸው፣ እሱ ባይኖር፣ ሊጋበዙም አይችሉ ነበር።

ሦስት ዘፈን ተጫወቱ። የመጀመሪያው የሰኞው ዘፈን ነው። ስለ ሞት ትምህርት የምታነሳው ስንኝ ላይ ሲደርሱ ጌልዶፍ ቆመ። ክንዱን ከፍ አድርጎ እጁን ጨበጠ። ፒያኖው ዝም አለ፤ ስድስት ዓመት በሬዲዮ ሲሰማ የኖረ ስንኝ በዚያች ቅጽበት ከሳንዲያጎ ተነስቶ ኮረም ደረሰ። ሕዝቡ በጩኸት መለሰለት። እስኪበርድ ጠበቀና ዘፈኑን ቀጠለ። ብዙ ሰው ከዚያ ቀን የሚያስታውሰው የክዊንን ፍሬዲ መርኩሪ ነው፤ ይገባዋልም። ይህች ዝምታ ግን ከማንም ዘፈን አትተናነስም።

አየርላንድ በዚያ ቀን ከሕዝቧ ቁጥር አንጻር ከማንም አገር በላይ ለገሰች፤ የራሷ ኢኮኖሚ ክፉኛ በተጎዳበት ጊዜ። አየርላንዳውያን ምክንያቱን ሲናገሩ የ1840ዎቹን ታላቁን ረሃብ ያነሳሉ፤ ቅድመ አያቶቻቸው የድንች ምርት ጠፍቶባቸው ያለቁበትንና በመርከብ የተሰደዱበትን።

ደብሊን፣ ግንቦት 1986

ጌልዶፍ በእህል መርከብና በጭነት መኪና ጉዳይ ሲሮጥ ባንዱ ዘፋኝ አልነበረውም ማለት ይቻላል። አዲስ ዘፈን ይዘው ቢቀርቡ የሚጠየቁት ስለ ረሃቡ ነው። ሌሎቹ አባላት በዚህ መጎዳታቸውን መናገር አስቸጋሪ ነበር፤ ሰው እየሞተ ስለ ሸክላ ሽያጭ ማን ያነሳል?

የመጨረሻው ምሽት ግንቦት 17 ቀን 1986 ደብሊን ላይ ሆነ። «ሴልፍ ኤይድ» የተባለው ዝግጅት የተሰናዳው ለአየርላንድ ሥራ አጦች ነበር፤ ከአሥር ዓመት በፊት እነሱን ራሳቸውን መርከብ ላይ ላሳፈራቸው ችግር። መድረክ የነፈገቻቸው ከተማ አጨበጨበችላቸው። ተጫውተው ሲወርዱ ባንዱ አበቃ።

ከዚያ ሁሉም በየፊናው ሄደ። ብሪኬት ከጌልዶፍ ጋር መጫወቱን ቀጠለ። ጋሪ ሮበርትስ ሌላ ኑሮ ጀመረ፤ በስተኋላ ቤት ማሞቂያ የሚጠግን ባለሙያ ሆነ። «ራት ትራፕ» ላይ የሚሰማውን ጊታር የተጫወተው ሰው የመሣሪያ ሳጥኑን አንጠልጥሎ የሰው በር ያንኳኳ ነበር። በ2022 አረፈ። ጆኒ ፊንገርስ ጃፓን ገባና በተራራ ሥር የሚካሄደውን የፉጂ ሮክ ፌስቲቫል ከሚያሰናዱት አንዱ ሆነ። የሰኞው ዘፈን ላይ የጌልዶፍ ስም ብቻ ሰፍሮ ለዓመታት ከቆየ በኋላ፣ ፊንገርስ አብሮ እንደደረሰው በ2019 በስምምነት ተረጋገጠ።

በ2013 ጌልዶፍ፣ ሮበርትስ፣ ብሪኬትና ክሮው በዋይት ደሴት ፌስቲቫል ላይ እንደገና አንድ መድረክ ላይ ወጡ። ጌልዶፍ የእባብ ቆዳ የሚመስል ሱፍ ለብሶ ነበር። ኪቦርዱ ኋላ ሌላ ሰው ቆሟል፤ ፒጃማ ግን አልለበሰም።